ግራ ሲሏት ቀኝ የምትል ሞተር

ኔልሲ አይብ የጫነችበት ሣጥን አስፋልቱ ላይ ተገልብጦ ውሾች ሲረባረቡበት ስታይ ገና ሄልሜቷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። ቦታው የሎሪካን ገበያ አልፎ በወንዙ ዳር የሚሄደው መንገድ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ጥግ ነው። የግራ ፍሬቻዋን አብርታ፣ በመስታወት ኋላዋን አይታ፣ ቀስ ብላ ስትታጠፍ ከኋላዋ ይመጣ የነበረ ባለሞተር ታክሲ ጎኗን ገጨት አደረገና ሣጥኗን ጠልፎ ጣለው። ሰው አልተጎዳም። አይቡ ግን አለቀለት።

«ምነው ወንድሜ፣ ፍሬቻ አታይም እንዴ?» አለች ሞተሯን በእግሯ ደግፋ እያቆመች።

ሰውዬው አርኑልፎ ይባላል። ከተማው በቦርጩና በሳቁ የሚያውቀው ታክሲ ነጂ ነው። ደንግጦ ነበር፤ ኔልሲ ደህና መሆኗን ሲያይ ግን ድንጋጤው ወደ ክርክር ዞረ።

«አይቼ ነው እንጂ። ስላየሁ እኮ ነው የገጨሁሽ። ቀኝ አበራሽ፤ ቀኝ ልትሄድ ነው ብዬ በግራ ልቀድምሽ ስል ዘው አልሽብኝ።»

«ግራ ነው ያበራሁት።»

«ጣትሽ ግራ ብሎ ይሆናል እህቴ። መቀመጫሽ ግን ቀኝ ነው ያለው።»

ገበያተኛው ሳቀ። ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ቢላዋዋን እንደያዘች መጥታ ዳኛ ሆነች። «ድገሚው እስቲ፤ ሁላችንም እንየው» አለቻት። ኔልሲ በልበ ሙሉነት የግራውን ተጫነች። ከፊት የግራው አምፖል ጥርት አድርጎ ብልጭ ድርግም አለ። ወደ ኋላ ዞራ ስታይ ግን የሚበራው የቀኙ ነው። ቀኙን ተጫነች፤ ከፊት ቀኝ፣ ከኋላ ግራ።

«ይቺ ሞተርስ ለከንቲባነት መወዳደር አለባት» አለ ከሕዝቡ መካከል አንዱ። «ፊቷ ሌላ፣ ጀርባዋ ሌላ።»

ኔልሲም ሳቋን መያዝ አቃታት። አርኑልፎ ጎንበስ ብሎ ከውሾቹ የተረፈውን አይብ ሲሰበስብላት ቆየና ድንገት ቀና አለ። «ቆይ፣ ቆይ። እሁድ ከእመቤታችን ፊት የምትሄጂው አንቺ አይደለሽም?»

እሷ ነበረች። በካርሜን እመቤታችን በዓል የከተማው ሾፌር ሁሉ መኪናውንና ሞተሩን በፊኛና በወረቀት አበባ አስጊጦ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ምስሏን በጭነት መኪና ላይ አቁሞ ከተማውን ይዞራል። ከሁሉም ፊት አንድ ሞተር ይሄዳል፤ እሱ ወደታጠፈበት ሁሉም ይታጠፋል። ማን እንደሚመራ ዕጣ ይወጣል፤ ዘንድሮ ከሄልሜት ውስጥ የወጣው የኔልሲ ስም ነው።

«በዚህ ፍሬቻ ከመራሽን» አለ አርኑልፎ፣ «እመቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ እኛ ወንዝ እንገባለን።»

ኔልሲ ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሁሉ የምታስበው ስለ አይቡም ስለ አርኑልፎም አልነበረም። የሚያስጨንቃት አማቷ ዶን ኤርሜስ ነው።

ሞተሯ የሱ ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ነው የገዛት። ከዚያ ባለፈው ዓመት «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ ቁልፉን ለልጁ፣ ለኔልሲ ባል ለኤቨር ሰጠው። ኤቨር ደግሞ በቱርቦ ወደብ ሙዝ የሚጭን መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ሞተሯም እሷም ከአማቶቿ ቤት ቀሩ። ዶን ኤርሜስ ክፉ ሰው አይደለም። ዝም የሚል ሰው ነው። ከምራቱ ጋር የሚነጋገረው «እንደምን አደርሽ» እና «ዘይቷን አይተሻል?» ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ ዝገት የበላውን የኋላ ጭቃ መከላከያ አውልቆ በአዲስ ቀየረላት። የኋላ መብራቱን ሽቦዎች ፈትቶ መልሶ ያገናኘውም ያን ጊዜ ነው። ኔልሲ እንዲያ ሲያስብላት የመጀመሪያው ስለነበር ደስ ብሏት ነበር። አሁን ምን ብላ ትንገረው?

ምሳ ላይ ነገሩን ለአማቷ ሚስት፣ ለእማማ ካርሎታ፣ እያሳቀች አወራች። ከኋላ ስላለው ሽቦ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እማማ ካርሎታ እስኪያነባት ሳቀች። ዶን ኤርሜስ ካሳቫውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ከማንጎው ዛፍ ሥር ወደ ታሰረው የመረብ አልጋው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ኔልሲ ሞተሯን እዚያው ማንጎው ሥር አቆመች። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና የብርጭቆ ወረቀት ይዛ ከኋላው ጎማ አጠገብ ቁጭ አለች። አባቷ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሽቦ አያስፈራትም።

«ከኋላ ነው የምትጀምሪው?» የሚል ድምፅ ከመረቡ መጣ።

«አዎ አባባ።»

«ጥፋቱ ከፊት ነው። መሪው ጋ። እነዚህ ሞተሮች ሁልጊዜ የሚበላሹት አንገታቸው ላይ ነው።»

«የተምታታው የኋላው ነው እኮ። ገበያው ሁሉ አይቶታል።»

«ገበያ ምን ያውቃል፤ ገበያ ዓሣ ነው የሚያውቅ።»

እማማ ካርሎታ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «ለምን አትወራረዱም?» አለች። «የተሸነፈው የእሁዱን ቦካቺኮ ይተልትልልኝ።»

ቦካቺኮ ሥጋው የሚጣፍጥ፣ እሾሁ ግን ፀጉር የሚያህል ዓሣ ነው። ቅርፊቱ ከተፋቀ በኋላ እሾሁ ዘይት ውስጥ እንዲቀልጥ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ጥቅጥቅ ተደርጎ መተልተል አለበት፤ ለበዓል የሚመጣው ደግሞ አንድ በርሜል ሙሉ ነው። ዶን ኤርሜስ ካገባ ጀምሮ ወጥ ቤት የገባው ውሃ ሊጠጣ ብቻ ነው።

«ከኋላ ከሆነ እኔ» አለ በመጨረሻ፣ ከመረቡ እየወረደ። «ከፊት ከሆነ አንቺ።»

«ተስማማሁ።»

ኔልሲ የኋላውን መብራት ብሎን ፈታችና የሽቦዎቹን መጋጠሚያ ወደ ውጭ ሳበችው። ሥራው ያስቀናል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በናስትሮ እንደ ስጦታ ዕቃ ተጠቅልሏል። ከሞተሯ ገላ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ቡናማ ነው፤ የግራው። ሌላው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የቀኙ። ከመብራቱ የሚመጡትም እንደዚያው። ናስትሮውን ስትልጠው ቡናማው ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከቡናማው ጋር ተጣምረው አገኘቻቸው።

ልቧ ደስ ሊለው ሲል ግራ ገባት። እንዲህ አድርጎ የሚጠቀልል ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት ይሠራል?

«አባባ፣ አረንጓዴውን አንዴ ይያዙልኝ፤ ልፍታው» አለች ሳታስበው።

ዶን ኤርሜስ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። አንዱን ሽቦ ያዘ፤ ወደ ፊቱ አስጠጋው፤ ከዚያ በቅጠሎቹ መካከል ወደሚገባው ብርሃን ዘወር አድርጎ አየው። «ይሄው፣ ይዤልሻለሁ» አለ በእርግጠኝነት። የያዘው ቡናማውን ነበር።

ኔልሲ ቀና ብላ አየችው። የዓይኖቹ ብሌን ላይ የሩዝ ውሃ የመሰለ ነገር ጋርዷል። አብራው በአንድ ጣራ ሥር ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብላ ዓይኑን አይታው አታውቅም፤ ነውር ይመስላት ነበር። ጋዜጣውን ካርሎታ የምታነብለት መነጽሩ ጠፍቶ፣ ሞተሯን የተወው ጉልበቱን አሞት መስሏት ነበር። አሁን ሁሉም ገባት፤ አፏን ከፈተች።

እሱ ቀደማት። ወደ ወጥ ቤቱ በር አንዴ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላኛው ነው፣ አይደል?»

«ሌላኛው ነው አባባ።»

ሽቦውን ቀስ ብሎ ለቀቀው። «ሁሉም ነገር ሻይ ውስጥ የተነከረ ነው የሚመስለኝ። አንቺም፣ ዛፉም፣ ሽቦውም። ያን ቀን በማሽተትና በመዳሰስ ነው የሠራሁት። ልክ መስሎኝ ነበር።» እጁን በሱሪው ጠረገና፣ «ዛሬ ውሻ የበላው አይብሽን ነው። አንቺን ቢሆንስ? ለኤቨር ምን እለው ነበር?» አለ።

«እኔን ውሻ አይበላኝም፣ መራራ ነኝ» አለች ኔልሲ። እሱ አልሳቀም፤ ግንባሩ ግን ትንሽ ፈታ አለ። «ለሐኪም አሳይተዋል?»

«የትኛው ሐኪም? ለካርሎታ ከነገርሽ እንኳን ሐኪም ዘንድ፣ ከበር ውጪ አታስወጣኝም። በሞግዚት ታስጠብቀኛለች።»

«እኔ አልነግራቸውም። እርስዎ ይነግሯቸዋል። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ሞንተሪያ ከተማ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ እኔ ነኝ የምነዳው።»

«በዚች ሞተር?»

«ፍሬቻዋን ከሠሩልኝ።»

ዶን ኤርሜስ አያት። እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ኔልሲ ከልብስ መስፊያ ሣጥኗ የክር ጥቅል አመጣችና ቡናማዎቹ ሽቦዎች ላይ አንድ አንድ ቋጠሮ፣ አረንጓዴዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ቋጠሮ አሰረች።

«ግራ አንድ፣ ቀኝ ሁለት» አለችው። «ቋጠሮ የሌለውን ጥቁሩን ሽቦ አይንኩት፤ እሱ ማሳው ነው፣ ብረቱ ላይ የሚታሰረው።»

«ማሳን ለኔ ታስተምሪኛለሽ?» አለ፤ ግን ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። አውራ ጣቱን በቋጠሮዎቹ ላይ አሳለፈ፤ አንድን ከአንድ፣ ሁለትን ከሁለት አገናኘ፤ መዳቡን ጠመዘዘ፤ ናስትሮውን በጥርሱ በጥሶ ጠቀለለ። ኔልሲ የማሳውን ብሎን ፈትታ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችና መልሳ አጠበቀችው። ስትጨርስ እሱ ሞተሯ ላይ ተፈናጠጠ፤ እሷ ከኋላ ቆመች።

«ግራ» አለ እየተጫነ።

«ግራ ነው።»

«ቀኝ።»

«ቀኝ ነው። እንግዲህ አባባ፣ ዓሣው ይጠብቅዎታል።»

«ቆይ» አለ። እጁን አንሥቶ ዝም አስባላት። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ከመቀመጫው ሥር ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የምታደርገው ትንሿ ፍላሸር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞረው። ጠቅ፣ ጠቅ። እስከ መጨረሻው ሲያዞረው ዝም አለች። ሲመልሰው እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ዝምታዋን። ስትታጠፊ ትሞታለች፣ ቀጥ ስትዪ ትነሣለች። አንቺ መንገድ እያየሽ ስለምትታጠፊ አታውቂባትም። ምን አልኩሽ? አንገቷ ላይ ነው።»

ኔልሲ መጥታ አየች። እውነቱን ነው፤ መሪው ሲጠመዘዝ የፊቱም የኋላውም አምፖል ይጠፋል። የፊቱን መብራት ፈትታ ጎተተችው። ከመሪው ማብሪያ ወደ ታች የሚወርዱት ሽቦዎች በአንድ ጥቁር ሽፋን ታስረው በሻንሲው አንገት በኩል ያልፋሉ። ሽፋኑን ቀደደችና አንድ በአንድ አየቻቸው። የተላጠ የለም፤ የተቆረጠ የለም።

«ምንም የላቸውም» አለች።

«አምጪ እስቲ።»

ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን ሽቦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቀስ አድርጎ አሳለፈው፤ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ጋ ልምሾ ነው። ላስቲኩ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መዳቡ በመጠምዘዝ ብዛት ተቆርጦ፣ ቀጥ ሲል ጫፍ ለጫፍ ይነካካል፣ ሲታጠፍ ይለያያል።»

ኔልሲ ነካችው። እንዳለው እዚያች ቦታ ላይ ሽቦው እንደ ትል ለስልሶ ይጎብጣል። በፒንሳ ስትቆርጠው መዳቡ ጠቁሮ ፍርፋሪ ሆኖ ወጣ። ቁራጭ ሽቦ ጨምረው አስረዘሙት፤ እሷ ያዘች፣ እሱ ጠመዘዘ። መሪው ሲዞር እንዳይጎተት ላላ አድርገው በሌላ በኩል አሳለፉት። ከዚያ ዶን ኤርሜስ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ እያዞረ የፍላሸሯን ድምፅ ረጅም ጊዜ ሲያዳምጥ ቆየ። ማቆም የፈለገ አልመሰለም።

«ኧረ ባትሪው ያልቃል» አለች ኔልሲ።

«ይለቅ» አለ እሱ።

ውርርዱን ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ እማማ ካርሎታ ተጠራች። የሁለቱንም ክርክር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማች። ጥፋቱ ከኋላም ከፊትም ነበር፤ እንግዲህ ሁለቱም አሸንፈዋል፣ ሁለቱም ተሸንፈዋል። «እንግዲያው ሁለታችሁም ትተለትላላችሁ» ብላ ፈረደች፤ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት አማትና ምራት የበርሜሉን ዓሣ መካከላቸው አድርገው ጓሮ ተቀመጡ። ዶን ኤርሜስ ቢላዋውን በጣቱ ጫፍ እየመራ ከኔልሲ ይበልጥ ያቀጥን ነበር። ካርሎታ ከጀርባው ቆማ ስታይ ቆየችና ልትሄድ ስትል፣ እሱ ቀና ሳይል «ካርሎታ፣ ዓይኔ ደክሟል» አላት። እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ።

«አውቃለሁ» አለች።

ቢላዋው ቆመ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ። ጫማህን ግራና ቀኙን ለይቶ አልጋህ ሥር የሚያሰልፍልህ ማን ይመስልሃል? ቡኒውንና ጥቁሩን አንድ አንድ አድርገህ ቤተ ክርስቲያን እንዳትሄድ ብዬ ጥቁሩን ደብቄዋለሁ።»

«ጥቁሩ ጫማዬ ጠፋ ብዬ እኮ ኤቨርን በስልክ ሰድቤዋለሁ።»

«ሰማሁህ» አለች ካርሎታ። «እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር። አንተን ማስቸኮል ይቻላል?»

ኔልሲ ዓሣው ላይ አቀርቅራ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ ካርሎታ፣ በመጨረሻ ዶን ኤርሜስ ራሱ ሳቁ። እጁ በቅርፊት ተሸፍኖ ስለነበር እንባውን በክንዱ ጠረገ።

እሁድ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው አደባባይ በሞተር፣ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና ተጨናንቆ ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁራል። ቄሱ በባልዲ ውሃ ይዞ በመጥረጊያ እየረጨ ሞተሮቹን ሲባርክ ኔልሲ ከሁሉም ፊት ቆማለች። ከኋላዋ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥቁር ጫማውን አድርጎ፣ ወገቧን ሳይሆን የመቀመጫውን ብረት ይዞ ዶን ኤርሜስ ተቀምጧል። ስንት ዓመት ሙሉ ስሙን ሄልሜቱ ውስጥ ሲያስገባ ኖሮ አንድ ቀን አልወጣለትም ነበር፤ ይህን የነገራት ያን ዕለት ጠዋት ነው። «ስሜ ባይወጣም የሞተሬ ዕጣ ወጥቷል» አላት።

ሰልፉ ተነሣ። የመጀመሪያው ጥግ ላይ ኔልሲ የግራውን ፍሬቻ ተጫነች።

«በርቷል?» አለ ከኋላዋ።

«በርቷል አባባ።»

«የኋላውስ?»

«እርስዎ ላይ እኮ ነው ያለው፤ ዞር ብለው ይዩት።»

ዞር አለ። ዓይኑ ብዙ ነገር አይለይም፤ ብልጭታ ግን ይለያል። ከመቀመጫው ሥር በግራ በኩል አንዲት ብርሃን በርታ ትጠፋለች። ከእሷ ወዲያ፣ እመቤታችንን ከያዘው መኪና ጀምሮ መንገዱን እስከሞሉት ሞተሮች ድረስ፣ እያንዳንዱ ግራውን እያበራ መሆኑ እንደ እሳት ፍንጣሪ ይታየው ነበር። አርኑልፎ ከመኪናው ጎን ብቅ ብሎ በጥሩምባው መካከል ጮኸ፦ «ዛሬስ መቀመጫሽ እውነቱን ተናገረ፣ እህቴ።»

የወንዙ መንገድ ላይ ሲደርሱ የሌሊቱ ጎርፍ በቀኝ በኩል ያለውን ጎዳና ውጦት አገኙት። ማንም አላስጠነቀቃትም። መንገዱ የታቀደው በዚያ ነበር። ኔልሲ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ውሃ ነው አባባ። የሚጠልቅ ይመስላል።»

«እንግዲህ መሪዋ አንቺ ነሽ» አለ ዶን ኤርሜስ። «ወደምትሄጂበት አብሪና ሂጂ።»

ግራ አበራችና ወደ ጠባቧ የዓሣ ገበያ ጎዳና ታጠፈች። እመቤታችን ተከተለች፤ አውቶቡሶቹ የጎን መስታወታቸውን ወደ ውስጥ እያጠፉ ተከተሉ፤ ከተማው ሁሉ ተከተለ። እዚያ ሰፈር ሰልፉ አልፎ አያውቅም። ሴቶች እጃቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈ ወደ በራቸው ወጡ። ያቺ ዳኛ የነበረችው ወፍራም ሴትዮ አላመነችም፤ ቢላዋዋን ወርውራ ተንበረከከች። ኔልሲ ያን ዓመት ሙሉ ዓሣ ስትገዛ ምርቃት አልጎደለባትም።

የሞንተሪያው ሐኪም ከዶን ኤርሜስ የቀኝ ዓይን ላይ ጉም የመሰለውን ነገር ሲያነሣለት ኤቨርም ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ነበር። ፋሻው የተፈታው ቤት፣ ማንጎው ሥር ነው። ዶን ኤርሜስ መጀመሪያ ካርሎታን አየና፣ «አሁንም ቆንጆ ነሽ» አላት። ካርሎታ «አሁንም ውሸታም ነህ» ብላ ጀርባዋን አዞረችበት፤ እንዳያያት ነው። ቀጥሎ ቀለም መጥራት ጀመረ። የማንጎው ቅጠል፣ የባልዲው ሰማያዊ፣ የዶሮዋ ኩክኒ፣ የኔልሲ ሸሚዝ፤ ያየውን ሁሉ ስሙን እየጠራ፣ ለማንም ለሚያልፍ ሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

«ሐኪሙ ዓይኑን ሲከፍት አፉንም አብሮ ከፈተው» አለች ካርሎታ።

ኔልሲ አይቧን ልታመጣ ሞተሯን አስነሣች። ዶን ኤርሜስ እስከ በሩ ሸኛት፤ ስትወጣም ከኋላዋ፣ «ብርቱካንማ» አለ ፍሬቻዋ ስትበራ አይቶ። «እኔ እስከ ዛሬ ቢጫ ትመስለኝ ነበር።»